ካርቡሬተር ማጽዳት ማለት መንገድ መክፈት ነው
(ከድምፅ ዝግጅታችን ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ነው፦ ለምን ይደፈናል፣ እንዴት ይፈታል፣ እንዴት ይጸዳል፣ እንዴት ተመልሶ ይገጠማል። «እኔ ሞተር ሳይክል የለኝም» ብላችሁ እንዳትዘጉት። በግቢያችሁ አሮጌ የሣር ማጨጃ ካለ፣ መጋዘን ውስጥ ጀነሬተር ካለ፣ ወይም ኢትዮጵያ በቤንዚን የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ያለው ዘመድ ካላችሁ፣ ጉዳዩ ይመለከታችኋል። የካርቡሬተር ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚበላሽበትም ምክንያት ያው ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስይዛችሁ። ካርቡሬተር ማጽዳት ማለት ማሳመር አይደለም፤ መንገድ መክፈት ነው። ከውጭ እንደ መስተዋት የሚያበራ ካርቡሬተር ሞተሩን ላያስነሳ ይችላል። ከውጭ የጠቆረ ደግሞ ውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች ክፍት ከሆኑ ምንም ሳይል ይሠራል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

በምሳሌ ልጀምር። አጎቴ በ1976 የተሠራች ሆንዳ ሲቢ 550 አለቻቸው። ለማታውቋት፣ ይህች ሞዴል በ1974 የወጣች፣ 544 ሲሲ የሆነች፣ አራት ሲሊንደር ጎን ለጎን የተደረደሩባት ናት። ታላቋ ሲቢ 750 በ1969 ገበያ ላይ ውላ ነበር፤ ይህች ታናሿ ናት በሉት። አራት ሲሊንደር አለ ማለት አራት ካርቡሬተር አለ ማለት ነው። ኬሂን የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው፣ እያንዳንዳቸው በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ።

አጎቴ በ1991 እዚህ አገር ከገቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፋብሪካ ደመወዛቸው የገዟት ናት። ስንት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሄደውባታል! በኋላ ጉልበታቸውን አመማቸውና ስድስት ዓመት ሕንፃው ሥር ሸራ ለብሳ ቆመች። ዘንድሮ የልጃቸው ሠርግ ደረሰ፣ ወጪ አለ፣ ሊሸጧት አሰቡ። አሮጌ ሞተር የሚገዛ አንድ ነጋዴ ባትሪና አዲስ ቤንዚን ይዞ መጣ። ቾኩን ስቦ አስነሳት፤ ተነሳች። ቾኩን ሲመልሰው ጠፋች። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስት ጊዜ ያው። «ሞተሯ ሞታለች፤ ለብረቱ 1,500 ሼቄል እሰጣለሁ» አለ። ወደ አንድ ሙሳኽ፣ ማለት ጋራዥ፣ ደወልን፤ እነሱም «አራት ካርቡሬተር? የእጅ ዋጋው ከሞተሯ ይበልጣል» አሉን። አጎቴ እሺ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

እኔ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፤ ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ደግሞ አሮጌ ሞተር እፈታለሁ። ነጋዴው ሲሞክር ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ቾክ ሲሳብ የሚነሳ፣ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር የሞተ አይደለም፤ የተጠማ ነው። «አጎቴ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ ፈተና የለብሽም እንዴ?» አሉኝና ቁልፉን ሰጡኝ።

እሺ፣ ለምን «የተጠማ» እንዳልኩ እንዲገባችሁ ካርቡሬተር ምን እንደሚሠራ እንይ። በዕብራይስጥ «መአየድ» ነው የሚባለው፤ ወደ ተን የሚለውጥ እንደ ማለት። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ቤንዚን እንደ ውሃ ሆኖ አይነድም፤ የሚነደው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተኑ ነው። በሂሳብ ሲታይ 1 ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ ወደ 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። ካርቡሬተር ይህን ድብልቅ ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በቀዳዳዎች ስፋት ብቻ የሚመጥን ዕቃ ነው።

አያቴ በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ይሠሩ ነበር። አራቱን ካርቡሬተሮች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሲያዩኝ «ወናፉ የቱ ነው?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከመምህርም አልሰማሁም። በወናፍ አየሩን የሚገፋው ሰው ነው። በሞተር ደግሞ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየሩን ይስበዋል። የተሳበው አየር በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ሲያልፍ መንገዱ ስለሚጠብበት ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ከታች ባለው የቤንዚን ቋት ላይ ግን የውጭው አየር በሙሉ ግፊቱ ተጭኖበታል። ስለዚህ ቤንዚኑ በቀጭን ቀዳዳ ሽቅብ ይገፋና አየሩ ውስጥ ይረጫል። ይኸው ነው። አያቴ ሰምተው ሲጨርሱ «አየር ከበዛ ብረቱን ያቃጥላል፣ ካነሰ ያጠቁራል» አሉ። ስለ ምድጃ ነበር የሚያወሩት። በሞተርም ልክ እንደዚያው ነው፦ ቤንዚን አንሶ አየር ሲበዛ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ከቀጠለ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ቤንዚን ሲበዛ ደግሞ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል።

አሁን ቀዳዳዎቹን እንለይ፣ ምክንያቱም በሽታው የትኛው ጋ እንዳለ የሚነግረን ይህ ነው። የመጀመሪያው ቀጭኑ ጄት ነው። ጄት የምለው መሃሏን የተበሳች ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ነች። ይህ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራና የነዳጅ እጀታውን በጥቂቱ ስንጠመዝዝ ቤንዚን የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ረጅሙ መርፌ ነው፤ ከተንሸራታቹ በር ጋር ወደ ላይ እየወጣ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ያለውን ይቆጣጠራል። ሦስተኛው ዋናው ጄት ነው፤ እጀታው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሥራው የሱ ይሆናል። እንግዲህ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚጠፋ፣ በፍጥነት ሲነዳ ግን ደህና የሆነ ከሆነ፣ ቀጭኑን ጄት ጠርጥሩ። ቆሞ ሲሠራ ደህና ሆኖ በሙሉ ኃይል ሲነዳ የሚያንቅ ከሆነ፣ ዋናውን ጄት ወይም ከታንኩ የሚመጣውን መንገድ እዩ።

ቾክስ? ቾክ የአየሩን መግቢያ ይዘጋል። አየሩ ሲዘጋ ስበቱ ይበረታና ከሌሎቹ መንገዶች ተጨማሪ ቤንዚን በግድ ያወጣል። የአጎቴ ሞተር በቾክ መነሳቷ ቤንዚን እንዳለ፣ እሳት እንዳለ ነገረን። ያለ ቾክ መጥፋቷ ደግሞ ቀጭኑ መንገድ መደፈኑን ነገረን። የዚያ ጄት ቀዳዳ ወደ 0.4 ሚሊሜትር ነው። የስፌት መርፌ እንኳን አይገባበትም። በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ነው «ሞታለች» የተባለችው።

ለምን ይደፈናል? ቆሻሻ ገብቶበት ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቤንዚኑ ራሱ ነው የሚደፍነው። ቤንዚን ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይሄዳል። የቀረው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ መጀመሪያ ቡናማ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ እንደ ማር የሚያጣብቅ፣ በመጨረሻ እንደ ቫርኒሽ የደረቀ ነገር ይሆናል። ሽታውም ይለወጣል፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ቋቱ ውስጥ ያለው ቤንዚን በጣም ጥቂት ስለሆነ ከታንኩ ይልቅ እሱ ቀድሞ ይበላሻል። በዚህ አገር የበጋ ሙቀት ደግሞ ጥቂት ወራት ይበቁታል። ውሃ ከገባበትም ብረቱ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይወጣል።

ካርቡሬተሩን ለመፍታት ከመቸኮላችሁ በፊት ሌላውን አጣሩ። ካርቡሬተር ያላጠፋውን ጥፋት ብዙ ይሸከማል። እኔ አራቱንም ካንዴላዎች አውጥቼ እሳት መስጠታቸውን አየሁ። የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመጭመቅ ኃይል በመለኪያ ለካሁ፤ አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ። ነጋዴው «ሞታለች» ያለው ቃል እዚህ ላይ ወደቀ። የቫልቮቹን ክፍተትም አስተካከልኩ፤ ለዚች ሞተር በመግቢያው 0.05፣ በመውጫው 0.08 ሚሊሜትር ነው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ። ቀጥሎ ሞተሯን በቾክ አስነስቼ ወዲያው በአራቱ የጭስ ቱቦዎች ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግሁ። በሦስቱ ላይ ቸስ ብሎ ተነነ፤ በሦስተኛው ላይ ግን ውሃው እንደ እንባ ወረደ። ሦስተኛው ሲሊንደር በቾክም እየሠራ አይደለም ማለት ነው። መለኪያ የሌለው ሰው እንኳን በጠብታ ውሃ ይህን ያህል ማወቅ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። በቅድሚያ ደኅንነት። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ጥግ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሕንፃው ሥር ባለው ሚክላት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ባለበት በፍጹም አትሥሩ። ውጭ፣ በጥላ ሥር፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አድርጋችሁ። የዓይን መነጽርና ጓንትም ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ ፎቶ አንሱ። አንድ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ። የትኛው ቱቦ በየት እንዳለፈ፣ የትኛው ካቦ በየትኛው በኩል እንደታሰረ። ከሁለት ቀን በኋላ አእምሮ ይረሳል፣ ስልክ አይረሳም።

ሦስተኛ፣ ካቻቢቴ። ይህን ስሙኝ። በአሮጌ የጃፓን ሞተር ላይ ያሉት ባለ መስቀል ብሎኖች ተራ ብሎኖች ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። የጃፓን የራሱ መለኪያ አላቸው፤ ጂስ ይባላል። ተራው ካቻቢቴ ጫፉ በደንብ አይቀመጥም፤ ስታጠብቁት ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ብዙ ሰው «ብሎኑ ለስላሳ ብረት ነው» ይላል። የሚበዛው ጥፋት የካቻቢቴው ነው። የጂስ ካቻቢቴ ግዙ፤ ውድ አይደለም፣ ብዙ ዕንባ ያድናል።

የታንኩን ቧንቧ ዝጉ፣ ታንኩን አውርዱ። የአየር ፊልትሮውን ቤት ወደ ኋላ ግፉት። ካርቡሬተሮቹን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙትን ላስቲኮች ማሰሪያ አላሉ። ላስቲኮቹ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ እንጨት ይደርቃሉ፤ በኃይል ከመጎተት በፀጉር ማድረቂያ አሙቋቸው። አራቱ ካርቡሬተሮች በአንድ የብረት ሳህን ላይ ተያይዘው አብረው ይወጣሉ። አንዱን ከአንዱ አትለያዩ። በመሃላቸው ያሉት የቤንዚን መተላለፊያ ቀለበቶች ካላፈሰሱ መለያየቱ ሥራ መጨመር ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሕግ፦ አንድ ካርቡሬተር፣ አንድ ሳህን። እኔ አራት የእርጎ ዕቃ አጥቤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብዬ ጻፍኩባቸው። የአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው አይሄድም። ምክንያቱ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ሲሊንደር ለምን እንደታመመ ማወቅ ከፈለግን የሦስተኛው ዕቃ የሦስተኛው ሆኖ መቆየት አለበት። ከተቀላቀለ ማስረጃው ጠፋ።

ቋቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ እዩ እንጂ አትጥረጉ። በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ውስጥ ቡናማ ቫርኒሽ ነበር። በሦስተኛው ውስጥ ደግሞ አረንጓዴ የመሰለ ድርቅ ያለ ቅርፊት፤ ተንሳፋፊው ጭራሽ ተጣብቋል። ተንሳፋፊው በቋቱ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቅ ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ይነሳና መዝጊያ መርፌውን ይገፋል፣ ሲጎድል ይወርድና ይከፍታል። የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ እንዳለው ማለት ነው። እዚህ ተጣብቆ የቀረው ተዘግቶ ስለነበር ሦስተኛው ሲሊንደር ቤንዚን አላገኘም። ተከፍቶ ተጣብቆ ቢሆን ኖሮስ? ያ ይብሳል። ቤንዚኑ ሞልቶ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል፣ ከሞተር ዘይቱም ይቀላቀላል። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ዘይቱን አሽቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዘይቱን ሳትቀይሩ እንዳታስነሱ፤ የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል።

ጎን ላይ ያለችውን የአየር ማስተካከያ ብሎን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቀስ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው አስገቧት፣ ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩ፣ ጻፉ። «በጣም ቀስ» ነው የምለው፤ ጫፏ ቀጭን ነው፣ ብትጫኗት መቀመጫዋን ታበላሻለች።

ማጽዳቱ እነሆ። ላስቲክ የሆነውን ሁሉ አስቀድማችሁ አውጡ፣ ምክንያቱም የካርቡሬተር ማጽጃ መድኃኒት ላስቲክን ያሳብጣል። ጄቶቹን አውጡ። በአንዳንዱ ሞዴል በጥርስ ይጠበቃሉ፣ በሌላው ተገፍተው ብቻ ይገባሉ፤ ከመጠምዘዛችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እዩ። በጥርስ የገቡት ላይ ልክ የሚሞላ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ተጠቀሙ። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ይቆረሳል። ጄቶቹን ማጽጃው ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩ። በማግስቱ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ተመልከቱበት። ክብ፣ ጥርት ያለ ብርሃን ማየት አለባችሁ። ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ጨረቃ የመሰለ ጥላ ካለው ገና አልጸዳም።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሽቦ የሚያነሳው። ሽቦ አታስገቡ! ብረት ሽቦ ነሐስን ይፍቃል፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ልክ የሚናገር ነው፤ ከተፋቀ በኋላ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ካስፈለገ ከናይለን ብሩሽ ላይ አንዲት ክር ነቅላችሁ በሷ አጽዱ፣ እንደገና ዘፍዝፉ፣ በኮምፕረሰር ንፉበት። ካልሆነ አዲስ ጄት ይገዛል፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ጄቶቹ ካለቁ ሰው ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። ጄቶቹ በሮቹ ናቸው፤ መንገዶቹ በራሱ በካርቡሬተሩ ገላ ውስጥ የተቦረቦሩት ቱቦዎች ናቸው። በአንዱ በኩል ማጽጃውን በቀጭኑ ቱቦ ስትረጩ በሌላው በኩል ሲወጣ ማየት አለባችሁ። የት ገብቶ የት እንደሚወጣ አንድ በአንድ ተከተሉት። መነጽሩ ለዚህ ነው፦ መንገዱ ከተደፈነ ፈሳሹ ወደ መጣበት፣ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል። ጉሮሮው ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ የቀጭኑ ጄት ቤንዚን በመጨረሻ የሚወጣው በሷ ነው። በአራቱም ላይ ፈሳሹ በዚያች ቀዳዳ ቀጥ ብሎ እንደ ክር ሲወጣ እስካላየሁ ድረስ አልገጠምኩም። ሦስተኛው ሦስት ቀን ፈጀ። መዘፍዘፍ፣ መርጨት፣ መንፋት፣ እንደገና መዘፍዘፍ። በሦስተኛው ቀን ማታ አንዲት ጥቁር ፍንጣሪ ተፈናጥራ ወጣች፤ ከኋላዋ ፈሳሹ ተከተለ።

ሲገጠም አዳዲስ የላስቲክ ቀለበቶችና የቋት ጓርኒሲዮን አድርጉ። አሮጌው ከወጣ በኋላ መልሶ ልክ አይሆንም። የተንሳፋፊውን ከፍታ ለኩ፤ በዚች ሞተር 22 ሚሊሜትር ነው፤ የእናንተን ከሞዴሉ መመሪያ መጽሐፍ እዩ። ቋቱ ውስጥ የቆመችውን ቀጭን የነሐስ ቱቦም መርምሩ። ትርፍ ቤንዚን ወደ ውጭ የምታፈስ ናት፤ በእርጅና ትሰነጠቅና ያለ ምክንያት ያንጠባጥባል። የአየር ብሎኗን በጻፋችሁት ዙር መልሷት።

በመጨረሻ ማመሳሰል አለ። አራት ካርቡሬተሮች አራት ጥማድ በሬዎች ናቸው ብላችሁ አስቡ፤ አንዱ ከቀደመ ሌላው ከጎተተ እርሻው ይበላሻል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ሳሉ ከአራቱም ተንሸራታች በሮች ሥር እኩል ውፍረት ያለው ቀጭን ዘንግ እያስገባችሁ ክፍተታቸውን አስተካክሉ። ሞተሩ ላይ ከተገጠሙ በኋላ ደግሞ አራት የስበት መለኪያ ሰዓቶች በመግቢያው በኩል ይሰኩና መርፌዎቹ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ይስተካከላሉ። ይህች ሞተር የምትቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ቆማ ብዙ ስትሠራ ትግላለች፤ ከፊቷ ቬንቲሌተር አቁሙላት።

አስነሳናት። በቾክ ተነሳች። ትንሽ ስትሞቅ ቾኩን መለስኩት። አልጠፋችም። ውሃ በአራቱም ቱቦዎች ላይ አንጠባጠብኩ፤ በአራቱም ቸስ አለ። አጎቴ ምንም አላሉም፤ ወንበር አምጥተው አጠገቧ ተቀመጡና ሰሟት።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ትንሽ ከነዳናት በኋላ ካንዴላዎቹን ሳወጣ የሁለተኛው ጥቁር፣ የሌሎቹ ቡናማ ነበር። የሁለተኛውን ዋና ጄት ከአዲስ ጄት አጠገብ አድርጌ በማጉያ መነጽር ሳየው ቀዳዳው ውስጥ ጭረት አለበት። አጎቴ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ሰው ሽቦ አስገብቶበታል ማለት ነው። ቁጥሩ ያው፣ ቀዳዳው ግን ሌላ። ቀየርነው፣ ተስተካከለ። ዕቃዎቹን በየሳህናቸው ባላስቀምጥ ኖሮ የትኛው የየትኛው እንደነበር አላውቅም ነበር።

አጎቴ ነጋዴውን ራሳቸው ደወሉለት። «ሞታለች ያልካት ተነስታለች» አሉት። እሱም በስልክ ዋጋውን ሦስት እጥፍ አደረገው። አጎቴ «አስብበታለሁ» ብለው ዘጉት፤ እስከ ዛሬ እያሰቡ ነው። ቢሸጡም ባይሸጡም የሳቸው ጉዳይ ነው፤ የሠርጉ ወጪም ቀልድ አይደለም። ግን አሁን የሚወስኑት ያላቸው ነገር ምን እንደሆነ አውቀው ነው። ያ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ቤተሰብ ቤት «ሞቷል» ተብሎ በርካሽ የሄደ ዕቃ አለ። ዕቃው ሳይሞት፣ ማንም ከፍቶ ስላላየው ብቻ።

አንዳንድ እናቶች ይጠይቁኛል፦ «ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ እጅሽን በግራሶ ታቆሽሻለሽ እንዴ?» ከክፉ አይደለም፤ ልጆቻቸው ቢሮ እንዲገቡ ብለው ብዙ ደክመዋል። ይህ ቃል በኛ ቤት ግን ሌላ ታሪክ አለው። አያቴ በሚኖሩበት አገር የሠሩት ማረሻ ይፈለጋል፣ ያለሱ እርሻ የለም፤ ማረሻውን የሠራው ሰው ግን «ቡዳ» ይባል ነበር። አያቴ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ክፍል ውስጥ የተማርኩት የአየር ግፊት ቀመር አንድ መስመር ነው፤ ትርጉሙ የገባኝ አያቴ ስለ ወናፉ ሲጠይቁኝ ነው። ስለዚህ መልሴ፦ አዎ፣ አቆሽሻለሁ፤ ማታ በሳሙና እታጠባለሁ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አንዱ ሌላውን አልከለከለኝም።

በሉ እንግዲህ፣ ለመጨረሻ ሦስት ነገር አስታውሱ። ሞተራችሁን ከወር በላይ የምታቆሙ ከሆነ የታንኩን ቧንቧ ዝጉና የካርቡሬተሩን ቋት በታች ባለችው ብሎን አፍስሱት፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ሳምንት ያድናል። የቆመ ሞተር ስታስነሱ መጀመሪያ ዘይቱን አሽቱ። ከፈታችሁ ደግሞ እያንዳንዱን በየሳህኑ፣ ሽቦ ሳትነኩ፣ ብርሃኑ በየቀዳዳው ሲያልፍ እስክታዩ ድረስ።

ቤታችሁ ውስጥ «ሞቷል» የተባለ ሞተር ካለ፣ ለብረት ከመሸጣችሁ በፊት ቾኩን ስባችሁ ስሙት። ምን እንዳለ ደግሞ ንገሩኝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ አብረን እንሰማዋለን። ቤንዚን ባለበት ሲጋራ አይኑር። ደህና ሁኑ፣ ሻሎም!